እባብ ያየ፣ በልጥ የበረየ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ እግር ነው። እግሩ የኛ አይደለም፤ የታላቅ ወንድማችን ነው።

ይህን የምንጽፈው ሁለት ነን። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ተወልደን ያደግነውም ደብረ ታቦር ነው። የሁላችንም ታላቅ ወታደር ነበር። በስሙ ጠርተነው ስለማናውቅ እዚህም በስሙ አንጠራውም፤ ቤት ውስጥ «ወንድም ጋሼ» ነው የምንለው። ከሱ ቀጥላ እትዬ አለች፤ ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ናት። ከዚያ እኛ እንከተላለን። ቤተሰባችንን ይህን ያህል ካወቃችሁ ይበቃል፤ ወደ ነገራችን እንግባ።

የቡሄ ዋዜማ

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 12 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በቡሄ ዋዜማ ነው። ቡሄ የትም ቦታ ቡሄ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን ትንሽ ይለያል። በዓሉና ከተማዋ አንድ ስም ናቸውና እኛ ልጆቿ በዓሉ የራሳችን ብቻ ይመስለናል። ዝናቡ በከበደበት፣ የጉና ጭጋግ ቁልቁል ወርዶ ቤቱን ሁሉ በሚሸፍንበት በዚያ ወቅት ልጆች ከልጥም ከቃጫም ጅራፍ ይገምዳሉ። ማታ ማታ በየሜዳው ያጮኹታል። የጅራፉ ድምፅ በታቦር ተራራ ላይ የተሰማው የነጎድጓድ ድምፅ ምሳሌ ነው እየተባለ ነው ያደግነው።

ወንድም ጋሼ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነበር። የቆሰለው በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ነው፤ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ የግራ ጭኑን አጥንት ሰብሮታል። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ለወራት ብረት ከውጭ ተተክሎበት ቆይቷል። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። የእትዬ ልጅ፣ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣ አዲሱን ጅራፉን ለአጎቱ ሊያሳይ ብሎ በጓሮ በኩል ዞሮ ከኋላው መጣና አንዴ አጮኸው።

ከዚያ የሆነው ሁሉ በአፍታ ነው የሆነው። ወንድም ጋሼ ከበርጩማው ወርዶ መሬት ላይ ተደፋ። ወዲያው ተነሣ፤ በዚያ በማይታጠፍ እግር እንዴት እንደተነሣ እስከ ዛሬ አልገባንም። ልጁን በአንገቱ ይዞ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ዐይኑ የሚያየው የእህቱን ልጅ አልነበረም። እትዬ ጮኸች። እኛ ደርቀን ቀረን። እናታችን ግን ከማጀት ወጥታ፣ ሳትጮህ፣ በክርስትና ስሙ ጠራችው። እጁ ላላ።

ልጁ አልተጎዳም። ሰውነቱ ማለታችን ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ወደ አያቱ ቤት መምጣት አቆመ። ወንድም ጋሼም ክፍሉ ገብቶ ሁለት ቀን አልወጣም። እናታችን በሩ ሥር ያስቀመጠችለት ሙልሙል እዚያው ደረቀ።

ስም የሌለው ቁስል

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ስንቀልድበት ነው የኖርነው፤ ፈሪ የምንለውን ሰው ለማብሸቅ ነበር የምንጠቅሰው። ያን ቀን ማታ ግን ሌላ ሆኖ ተሰማን። ጅራፉ ከልጥ የተገመደ ነው። እባቡንም ወንድም ጋሼ አይቶታል።

ሐኪሞች ለዚህ ነገር ስም ፍለጋ ብዙ ደክመዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የመድፍ ድንጋጤ የሚል ትርጉም ባለው ስም ጻፈው። ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዛሬ ፒቲኤስዲ በሚባለው ስም በመዝገቡ አሰፈረው። ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት እንበለው። ምልክቶቹን ስናነብ ወንድም ጋሼን የምናነብ መሰለን። ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ይመስለዋል። ይቃዣል፣ ይባንናል። የሚያስታውሰውን ሰውና ቦታ ሁሉ ይሸሻል። በትንሽ ድምፅ ይበረግጋል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ መቀመጥ አይችልም።

ልብ በሉ፣ ከነዚህ ምልክቶች ግማሾቹ የሰውነት ናቸው። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰውነት አደጋ ሲያይ አእምሮ እስኪያስብ አይጠብቅም፤ መጀመሪያ ይሸሻል ወይም ይመታል። ግንባር ላይ ይህ ነፍስ ያድናል። ችግሩ ጦርነቱ አልቆም ሰውነት ማለቁን አለመስማቱ ነው።

ደብረ ታቦር ደግሞ ለመድፍ ድምፅ እንግዳ አይደለችም። ከከተማዋ ወጣ ብላ ጋፋት አለች፤ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ናት። መድፉ በ1860 ዓ.ም ከዚህ ተነሥቶ፣ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ደረሰ። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም፣ እዚያው በቡሄ ሰሞን፣ ከባድ መሣሪያ ራሷ ደብረ ታቦር ላይ ወደቀ። ሰዎች ቤታቸው እንደተቀመጡ ሞቱ። በዚያው ወር ከኛ በስተምሥራቅ ያለችው ነፋስ መውጫ ተይዛ ነበር፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም ባወጣው ዘገባ በዚያች ከተማ የተደፈሩ 16 ሴቶችን ቃል መዝግቧል። ይህን የምናነሣው ቁስሉ የወታደር ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ስሌት፣ ጦርነት ባለበት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶው አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። እኛ ቤት በዚያን ጊዜ አምስት ሆነን እናድር ነበር።

አጎታችን

እንዲህ ያለ ሰው ቤታችን ሲገባ ወንድም ጋሼ የመጀመሪያው አልነበረም። የእናታችን ወንድም የደርግ ወታደር ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም መንግሥት ሲወድቅ በእግሩ አገር አቋርጦ መጣ። ያኔ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ነው የተበተነው። በዚያው ክረምት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደ ገጠር ለተመለሱት እህል፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ይሰጥ ነበር። ደግ ሥራ ነው። ለማይተኛ ሰው የሚሆን ግን በዘሩ ከረጢት ውስጥ አልነበረም።

አጎታችን ሌሊት ዱላውን ይዞ ግቢውን ሲዞር ያድራል። ሲነጋ አረቄ ቤት ይገባል። እኛ ልጆች ሳለን «ሰካራሙ አጎታችን» ነበር የምንለው፤ እናታችንም ስታፍርበት አይተናል። ሞቶ ከተቀበረ ስንት ዓመቱ ነው፤ ሰካራም ሳይሆን ዘብ ጥበቃ ላይ እንደነበር የገባን ግን በ2014 ዓ.ም ቡሄ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አጎታችን አልደበቀም፤ እኛ ነን የደበቅነው።

ለወንድም ጋሼም ያንኑ ልንደግም ነበር። «እርሳው በቃ» አልነው። «ጀግና እኮ ነህ» አልነው። እናታችን ጠበል ወሰደችው፤ ጠበሉን ወደደው፣ ጠዋት ጠዋት በዝግታ እየተራመደ መሄዱ ራሱ ሳይጠቅመው አልቀረም። የአእምሮ ሐኪም የሚል ቃል ግን ስናነሣ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ እብድ ነኝ?» አለን። አልፈረድንበትም። አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ በየአፉ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። «አማኑኤል ግባ» የተባለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እግሩን ለማሳከም ግን እሺ አለ። በእግር ማፈር የለም። የጦር ቁስል የክብር ነው። እንግዲህ የኛ ወሬ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ጠባቧ ክፍል

መስከረም 2015 ዓ.ም ፊዚዮቴራፒ ጀመረ። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ ባለ ሦስት እርከን የእንጨት ደረጃ፣ ግራና ቀኝ የተዘረጋ መያዣ ብረት፣ አንድ ረጅም መስታወት አለ። ክብደት ማንሻው በአሸዋ የተሞላ ሃይላንድ ነው። የሚለጠጠው ገመድ በቁመቱ የተሰነጠቀ የብስክሌት ካላማዳሪያ ነው። ባለሙያዋ ጎንደር የተማረች ወጣት ናት፤ ዕድሜዋ ከኛ አይበልጥም። እኛ እየተፈራረቅን እናደርሰው ስለነበር አብዛኛውን ነገር በዐይናችን አይተናል።

የመጀመሪያ ቀን «በሆድዎ ይተኙልኝ» አለችው። ወንድም ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እኛ «ተኛ እንጂ!» ልንለው አፋችን ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ለምን አላለችም። አልጋውን ገፍታ አዞረችው፤ ራሱን ያደረገበት በኩል በሩን እንዲያይ አደረገችና «አሁንስ?» አለች። ተኛ።

ቀጥላ «እግርዎን ልነካ ነው፤ ይፈቅዱልኛል?» አለችው። በማግሥቱም ጠየቀችው፤ በሳምንቱም። ወሩ ሲያልቅም መጠየቋን አልተወችም። ብዙ ቆይቶ ወንድም ጋሼ አንድ ቀን መንገድ ላይ «ከቆሰልኩ ጀምሮ ስንት ሰው ነካኝ፤ ልንካህ ወይ ብላ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት» አለን። እኛ ያየነው የጉልበት ሕክምና ነበር። እሱ ያገኘው ግን ገላው እንደገና የራሱ መሆኑን ነው።

ደረጃው ላይ የሆነውን ደግሞ እንንገራችሁ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሦስቱን እርከን መውጣትና መውረድ ጀመረ። በአራተኛው ዙር ልቡ መታ፣ ትንፋሹ አጠረ፣ ድንገት ደረጃውን ትቶ ግድግዳ ተደገፈ፤ ዐይኑም ሄደ። ለካ ሰውነቱ ይህን ስሜት የሚያውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከምሽግ። ልብ ሲመታ፣ ላብ ሲመጣ፣ ሊተኮስ ነው ማለት ነው። ባለሙያዋ በርጩማ አቀረበችለትና «ልብዎ የሚመታው ደረጃ ስለወጡ ነው። ቁጭ ይበሉና አብረን እንቁጠረው» አለችው። ጣቱን የራሱ እጅ አንጓ ላይ አስያዘችው። አራት እየቆጠረ አየር እንዲያስገባ፣ ስድስት እየቆጠረ እንዲያስወጣ አደረገችው። ቆጠሩ። የልቡ ምት እየቀነሰ መጣ። «አዩ፣ ሮጠ፤ ተመለሰ» አለችው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያንኑ ደገሙት፤ ከዚያም እንደገና። ልብ መምታት ሁሉ አደጋ እንዳልሆነ ሰውነቱ የተማረው በምክር አይደለም፤ በሦስት እርከን ደረጃ ነው።

ሕመምና ፍርሃት እንደሚመጋገቡ ከታወቀ ቆይቷል። ጭኑ ሲወጋው የቆሰለበትን ቀን ያስታውሳል፤ ሲያስታውስ ጡንቻው ይገተራል፤ ጡንቻው ሲገተር ሕመሙ ይብሳል፤ ሲብስበት ከቤት አይወጣም፤ ካልወጣ እግሩ ይሰንፋል። ይህ ቀለበት የትም ቦታ ላይ ሊበጠስ ይችላል። ወንድም ጋሼ ጋ የተበጠሰው ጉልበቱ ላይ ነው።

እንዳንዋሽ

እዚህ ላይ ፊዚዮቴራፒ የጦርነት ጭንቀትን ይፈውሳል ብለን ብንዘጋው ጽሑፉ ያምር ነበር። ግን ውሸት ይሆናል። ለዚህ ሕመም በጥናት በደንብ የተደገፈው ሕክምና አሁንም በንግግር የሚሰጠው ነው፤ የደረሰውን ነገር ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ቀስ እያሉ መጋፈጥ። የአካል እንቅስቃሴ አጋዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት በዚህ ሕመም ሆስፒታል የተኙ 81 ሰዎችን ወስዶ ለግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና ላይ የ12 ሳምንት የጡንቻ ሥራና የእግር ጉዞ ጨመረላቸው። የተጨመረላቸው የተሻለ ቀለላቸው። ልብ በሉ፣ ተጨመረላቸው ነው ያልነው እንጂ ተተካላቸው አላልንም።

ሌላም የሚያስጠነቅቅ ታሪክ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ውስጥ ሉዊስ ዬላንድ የሚባል ሐኪም ነበር። ከድንጋጤ ብዛት ድምፃቸው የጠፋ ወታደሮችን ጉሮሯቸውን በኤሌክትሪክ እየመታ እንዲናገሩ ያደርግ ነበር። ይህም በሰውነት በኩል የሚሰጥ ሕክምና መባሉ ነው። በዚያው ዘመን ኤዲንብራ አጠገብ በሚገኘው ክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ደግሞ አርተር ብሮክ የሚባል ሌላ ሐኪም ታካሚዎቹን በእግር ያስጉዛቸው፣ አትክልት ያስኮተኩታቸው፣ በእጃቸው ሥራ ያሠራቸው ነበር። ገጣሚው ዊልፍሬድ ኦወን እ.ኤ.አ. በ1917 የብሮክ ታካሚ ነበር፤ ተሻለው። ተሽሎት ወደ ግንባር ተመለሰና ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተገደለ። ሁለቱም ሐኪሞች ሰውነትን ነው የያዙት። አንዱ በግድ ያዘው፣ ሌላው በትዕግሥት። የሁለቱም ታካሚ ግን የሚታከመው ተመልሶ እንዲዘምት ነበር። ወንድም ጋሼ የሚታከመው ለምንድን ነው? እናታችን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቋት ስትመልሰው ሰምተናታል። «እንዲተኛልኝ ነው» ትላለች።

ያች ወጣት ልኳን ታውቅ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የምናመሰግናት በዚህ ነው። ኅዳር ላይ፣ እግሩ ዘጠና ዲግሪ መታጠፍ በጀመረበት ሰሞን፣ «እግርዎ ከኔ ጋር ይቀጥላል። እንቅልፍዎን ግን የሚያይ ሌላ ባለሙያ አለ፤ ከዚህ ሦስተኛው በር ነው። አብሬዎት ልሂድ?» አለችው። እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን። ወንድም ጋሼ ክራንቹን አነሣና «ሦስተኛው በር ከሆነ ምን ቸገረኝ» አለ። የአእምሮ ጤና ነርሱ ጋ የገባው እሷን ተከትሎ ነው። እኛ ወራት ለምነን ያላሻገርነውን መተላለፊያ እሷ በሃያ እርምጃ አሻገረችው። ከዚያ በፊት ስንት ቦታ፣ ስንት ካርድ አውጥቶለት ነበር፤ በካርዱ ላይ ስለ ጭኑ አጥንት ገጽ ሙሉ ሲጻፍ «ትተኛለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

መንገድ ሲዘጋ

ጥቅምት 2015 ዓ.ም ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም ቤታችን ውስጥ እልል ተብሏል። ወንድም ጋሼ እልል አላለም፤ ግን በዚያ ሌሊት ሬዲዮውን ከፍቶ እስኪነጋ አዳመጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያ ሰሞን የተኩስ ድምፅ ደብረ ታቦር ውስጥ እንደገና ተሰማ። ሰው ከቤት አይወጣም። ቀጠሮው ሁሉ ቀረ።

ያኔ ያለቀለት መሰለን። የሠራው ሁሉ በሁለት ቀን የሚፈርስ መሰለን። የመጀመሪያውን ሌሊት አልጋው ሥር ነው ያደረው፤ አንዋሽም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ካላማዳሪያውን ከበሩ እጀታ ጋር አስሮ እግሩን ሲስብ አገኘነው። «ቁጠሩልኝ» አለን። ቆጠርንለት። አሥር ጊዜ በቀኝ፣ አሥር ጊዜ በግራ። ውጭ ሲተኮስ ያቆማል፤ ጣቱን አንጓው ላይ ያደርጋል፤ አራት ያስገባል፣ ስድስት ያስወጣል፤ ይቀጥላል። እናታችንም ጥግ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ትቆጥር ነበር። ያን ሰሞን ቤታችን የቁጥር ቤት ነበር።

ይህን የምናወጋችሁ ጀግንነቱን ልናሳያችሁ አይደለም፤ ጀግና የሚለው ቃል ምን እንዳደረገው አይተናል። መድኃኒት ሊያልቅ ይችላል፣ ሐኪም ሊርቅ ይችላል፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ሰውነት የተማረው ግን አብሮ ቤት ይገባል። የዚህ ሕክምና ትልቁ ነገር ለኛ አገር ይህ ይመስለናል።

እኛም የተማርነው አለ። ስንቀሰቅሰው አንወዘውዘውም፤ ከእግርጌው ቆመን በዝግታ እንጠራዋለን። ከኋላው ስንመጣ አስቀድመን ድምፅ እናሰማለን። በሩን የሚያይበት ቦታ ለሱ ተለቋል። ሲበረግግ «አይዞህ፣ ቤት ነህ» እንላለን እንጂ «ምን ያስደነግጥሃል?» አንልም። «እርሳው» የሚለውን ቃል ከቤታችን አውጥተነዋል። ይህ ሁሉ ሳንቲም አያስወጣም።

ሳንቲም የሚያስወጣውን ደግሞ ለሚመለከታቸው እንተወዋለን። ከስምምነቱ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሲቪል ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዞ ሥራ ጀምሯል። በ1983 ዓ.ም ዘርና እህል ነበር። አሁንስ? ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የአእምሮ ሐኪም በር አያንኳኩም፤ ያፍራሉ፤ ሐኪሙም ጥቂት ነው። እጃቸውን፣ እግራቸውን፣ ወገባቸውን ይዘው ግን ይመጣሉ። የሚመጡበት በር ላይ ያለው ባለሙያ እንዴት እንደሚነካቸው፣ እንቅልፋቸውን እንደሚጠይቅ፣ ወደ ሦስተኛው በር እንደሚያሻግራቸው ይሠልጥን። ሦስተኛው በርም ይኑር። የምንለው ይኸው ነው።

ሌላ ቡሄ

ነሐሴ 2016 ዓ.ም ወንድም ጋሼ ቃጫ ግዙልኝ አለን። ከነርሱ ጋር ተማክረውበታል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሦስት ቀን ሙሉ ጅራፍ ገመደ። ሲጨርስ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ዋለ። ከዚያ እትዬን «ልጅሽን ላኪልኝ፤ አንቺም አብረሽ ነይ» አላት።

ልጁ አሥር ዓመት ሆኖታል። በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አልገባም። ወንድም ጋሼም አልጠራውም። ጅራፉን አጣጥፎ መሬት ላይ አኖረለትና «ያንተ ነው። ሜዳው ማዶ ሂድና እኔ እያየሁህ አንዴ ብቻ አጩኸው» አለው። ልጁ እናቱን አየ። ከዚያ ጅራፉን አንሥቶ ሄደ። ወንድም ጋሼ ጣቱን አንጓው ላይ አደረገ። ጅራፉ ጮኸ። ትከሻው ዘለለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን ከበርጩማው አልተነሣም። ቆጠረ።

ልጁ ከማዶ «ልድገመው?» ብሎ ጮኸ። «ለዛሬ ይበቃል!» አለ ወንድም ጋሼ። ያን ቀን ማታ ልጁ አያቱ ቤት ራት በላ።

አሁንም ሌሊት መብራት አያጠፋም። ክራንቹን ትቷል፤ ሲበርድ ያነክሳል። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ የማይበርድበት ጊዜ የለም። ይህን ጽሑፍ ከመልቀቃችን በፊት ከዳር እስከ ዳር አነበብንለት፤ ያለሱ ፈቃድ አይወጣምና። ጸጥ ብሎ ሰማ። አጎታችን ጋ ስንደርስ ደገማችሁ አንብቡት አለን። ስንጨርስ ጉልበቱን እያሸ፣

«ብዙ ቀባጠራችሁ» አለ። «ስለ እግሬ ነው የጻፍነው በሏቸው። እግሩን የታመመ ይመጣል።»

ስለ እግሩ ነው የጻፍነው። ቸር እንሰንብት።